ለአንድ እራት ጠርሙሱን በሙሉ አንጠጣም፦ ስለ ቢፍ ኤንድ ብሮኮሊ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የወር ወጪያቸውን እንዴት መቀነስ እንደሚችሉ የሚመክር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብሁ። ስለ ስልክ ክፍያ፣ ስለ መኪና ኢንሹራንስና ስለ ክሬዲት ካርድ ወለድ የሰጠው ምክር የሚነቀፍ አይደለም። ጸሐፊው ወደ ማእድ ቤት ሲገቡ ግን መንገድ ስተዋል። ልጆቻችን አዘውትረው የሚጠይቁትን፣ በየሰፈሩ ያለው የቻይና ምግብ ቤት የሚሸጠውን የበሬ ሥጋ በብሮኮሊ ጥብስ፣ ማለትም ቢፍ ኤንድ ብሮኮሊን ምሳሌ አድርገው፣ ይህን ምግብ ቤት ውስጥ መሥራት «ቁጠባ የሚመስል ኪሳራ» ነው፤ ገዝቶ መብላት ይሻላል ብለው ደምድመዋል። ለዚህም ዎክ የተባለው መጥበሻና የምግብ ቤት እሳት ከሌለ ምግቡ አይወጣም፤ ውድ ከሆነው ፍላንክ ስቴክ በቀር ሌላው ሥጋ ጫማ ይሆናል፤ ማጣፈጫዎቹን ለመግዛት ብቻ ከአንድ ምግብ ዋጋ በላይ ይወጣል፤ ኤምኤስጂ የሚባለው ቅመም መርዝ ስለሆነ ቤታችን ማስገባት የለብንም፤ ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በዚያ ላይ ምግቡ ራሱ እውነተኛ የቻይና ምግብ አይደለም የሚሉ ምክንያቶችን ደርድረዋል።

እኔ የምግብ ባለሙያ አይደለሁም። በሜሪላንድ በአፓርታማ ውስጥ፣ በተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ለአራት ሰው የማበስልና ይህን ምግብ በወር ሁለት ጊዜ ያህል የምሠራ ሰው ነኝ። ጸሐፊውን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ጽሑፋቸውን አምኖ በየሳምንቱ አርብና ቅዳሜ ማታ ስልክ የሚያነሳ ቤተሰብ ስለሚኖር ነጥቦቹን አንድ በአንድ ማየት ተገቢ መስሎኛል። ስለ መጥበሻውና ስለ እሳቱ የተናገሩትን ግን ሆነ ብዬ ወደ መጨረሻ አሻግሬዋለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ እውነት ያለበት እሱ ነውና።

ከሒሳቡ እንጀምር። ጸሐፊው ያቀረቡት ዝርዝር ሶይ ሶስ 4 ዶላር፣ ኦይስተር ሶስ 5፣ የሰሊጥ ዘይት 6፣ የሻውሺንግ የሩዝ ወይን 7፣ የበቆሎ ስታርች 2፣ አምስት ፓውንድ ሩዝ 6፣ ብሮኮሊ 4፣ አንድ ፓውንድ ፍላንክ ስቴክ 14 ዶላር ሲሆን ድምሩ 48 ዶላር ይመጣል። ከዚያም ይህን 48 ዶላር ከአንድ የምግብ ቤት ሳህን ዋጋ፣ ከ15 ዶላር ጋር አወዳድረው ፈረዱ። ዋጋዎቹን አልከራከርም፤ እንዳሉት ልቀበላቸው። ስህተቱ ያለው በድምሩ ላይ ሳይሆን በተደመረው ነገር ላይ ነው። ጸሐፊው ለአንድ እራት ሲሉ ጠርሙሱን በሙሉ፣ የሩዙን ከረጢት በሙሉ፣ የስታርቹን ካርቶን በሙሉ ሒሳብ ውስጥ አስገብተዋል። ከእኛ መካከል ለአንድ ዓመት የሚሆን በርበሬ አስፈጭታ ያስቀመጠች እናት የበርበሬውን ዋጋ በሙሉ በአንድ ዶሮ ወጥ ላይ ብትጭን፣ ዶሮ ወጥ ከንጉሥ በቀር ማንም የማይቀምሰው ምግብ በሆነ ነበር።

ለአራት ሰው የሚበቃ ምግብ አንድ ፓውንድ ሥጋ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኦይስተር ሶስ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስታርች፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወይን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይትና አንድ ኩባያ ተኩል ያልበሰለ ሩዝ ይፈልጋል። ባለ 15 አውንስ የሶይ ሶስ ጠርሙስ 30 ያህል የሾርባ ማንኪያ ስለሚይዝ የእራቱ ድርሻ የጠርሙሱ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 40 ሳንቲም ነው። ባለ 18 አውንሱ ኦይስተር ሶስ አሥራ አራት ጊዜ ያህል ስለሚያገለግል 36 ሳንቲም፣ የሰሊጥ ዘይቱ 20 ሳንቲም፣ ወይኑ 16 ሳንቲም፣ ስታርቹ 7 ሳንቲም ይደርሳቸዋል። ማጣፈጫው ሁሉ ተደምሮ 1 ዶላር ከ19 ሳንቲም ነው። ሩዙ የከረጢቱ አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 75 ሳንቲም ይሆናል። ለነጭ ሽንኩርት፣ ለዝንጅብል፣ ለስኳርና ለምግብ ዘይት አንድ ዶላር እንጨምርና ብሮኮሊውን በ4 ዶላር፣ ሥጋውንም በጸሐፊው ውድ ዋጋ በ14 ዶላር እንያዘው። ድምሩ 20 ዶላር ከ94 ሳንቲም ይመጣል፤ ለአንድ ሰው 5 ዶላር ከሩብ እንኳ አይሞላም። ፍላንክ ስቴኩን ትተን በፓውንድ 8 ዶላር የሚሸጥ ሥጋ ብንወስድ ደግሞ ምግቡ በሙሉ ከ15 ዶላር በታች፣ ለአንድ ሰው 3 ዶላር ከ74 ሳንቲም ይሆናል። ጸሐፊው ለአንድ ሳህን በሰጡት ዋጋ እኛ አራት ሰው እናበላለን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሊነሳ የሚችል ተገቢ ተቃውሞ አለ። የምግብ ቤቱ ሳህን ብዙ ስለሆነ ሁለት ሰው ይካፈለዋል የሚል ካለ እቀበለዋለሁ፤ እንዲያም ሆኖ ለአራት ሰው 30 ዶላር ይወጣል፤ ይህም የቤቱ እጥፍ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የመጀመሪያውን ቀን ይመለከታል። ባዶ ቁም ሣጥን ይዞ የሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ቀን በእርግጥ ከ40 ዶላር በላይ ያወጣል፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ነገር ግን ከዝርዝራቸው ወይኑንና የሰሊጥ ዘይቱን መሰረዝ ይቻላል። ሁለቱም መዓዛ ይጨምራሉ እንጂ ምግቡን የሚያቆሙ ምሰሶዎች አይደሉም። ሶይ ሶስ፣ ኦይስተር ሶስና ስታርች ብቻ መግዛት በራሳቸው ዋጋ 11 ዶላር ነው፤ ለብዙ እራቶችም ይበቃል። ኦይስተር ሶስ ከባሕር ቅርፊት እንስሳ የሚሠራ በመሆኑ በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉ አንባቢዎች ይኖራሉ። ለእነሱ በእንጉዳይ የተሠራው ዓይነት በእስያ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች ይገኛል። እሱም ካልተገኘ አንድ ተጨማሪ ማንኪያ ሶይ ሶስና ትንሽ ስኳር ጥሩ ምግብ ይወጣቸዋል።

አሁን ወደ ሥጋው እንምጣ፤ ሰፊ ቦታ የምሰጠውም ለዚህ ነው። ጸሐፊው ከፍላንክ ስቴክ ሌላ ያለው ሁሉ ጫማ ይሆናል ሲሉ ያለ ልምድ አልተናገሩም። እንደ ጥብስ ቆርጠው ሞክረውት እንደሆነ እገምታለሁ፤ እንዲህ ከሆነ ጫማ መሆኑ አያስገርምም። እኛ ለጥብስ ሥጋውን በእንክብል (በትንንሽ ቁራጭ) እንቆርጣለን፤ የክሩ አቅጣጫ ወዴት እንደሆነ ብዙም አንጨነቅም፤ ጥርሳችንም ማኘክ ለምዷል። የቻይናው አቆራረጥ ግን ሌላ ነው። ሥጋው ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው የሚታዩትን ክሮች በመስቀለኛ አቅጣጫ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር በሚሆን ስስነት መቁረጥ ያስፈልጋል። ክሩ በቁመቱ ከተቆረጠ ጥርስ ረጅሙን ክር በሙሉ መበጠስ አለበት፤ በመስቀለኛ ከተቆረጠ ግን ቢላዋው ሥራውን ቀድሞ ጨርሶታል። ስስ አድርጎ መቁረጥ የሚያስቸግረው ሰው ሥጋውን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ ቢያስቀምጠው፣ ሙሉ በሙሉ በረዶ ሳይሆን ጠንከር ስለሚል ቢላዋው አያንሸራትትም።

የትኛው ሥጋ የሚለውንም ማየት ይገባል። ከታፋው የሚወጣው ራውንድ ቅባቱ ጥቂት ነው፤ ክሩ ባንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ለጀማሪ ከሁሉ ይቀላል። በመደብሮች «ሎንደን ብሮይል» ተብሎ የሚሸጠው ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የታፋ ሥጋ ነው። ስሙ የአበሳሰል ዘዴን እንጂ የሥጋ ክፍልን አይናገርም፤ ዋጋው ሲወርድ ገዝቶ ማቆየት ይቻላል። ከትከሻው የሚወጣው ቸክ ደግሞ የበለጠ ጣዕም አለው፤ ነገር ግን በውስጡ ብዙ ጡንቻዎች በስብና በጅማት ተለያይተው ይገኛሉ፤ ስለዚህ በየስፌቱ ለይቶ እያንዳንዱን በራሱ ክር መቁረጥ፣ ጅማት የበዛበትንም ለወጥ ማስቀረት ይገባል። ፈጽሞ መገዛት የሌለበት «ለስቱ» (ለወጥ) ተብሎ በእንክብል ተቆርጦ የሚሸጠው ነው። የተለያየ የሥጋ ክፍል ቁርጥራጭ ተደባልቆበት ሊሆን ይችላል፤ ክሩም ወዴት እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል፤ አንዳንዴም ሙሉውን ሥጋ ከመግዛት ይልቅ በፓውንድ የበለጠ ያስከፍላል። ሐበሻ ሥጋ ቤት የሚገዛም ሰው ቆራጩ እንደ ልማዱ በእንክብል ሳይከትፍበት «ሳትቆርጠው ስጠኝ» ቢል ይሻለዋል።

ከአቆራረጡ ቀጥሎ ጸሐፊው ያላነሱት፣ ርካሹን ሥጋ የሚያለሰልስ ሌላ ነገር አለ። ይህን የምግብ ቤቶቹ ወጥ ቤቶች አሳምረው ያውቁታል። ለአንድ ፓውንድ የተቆረጠ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጦ በእጅ ማሸትና 20 ደቂቃ ማቆየት ነው። ሶዳው የሥጋውን ገጽ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሚያደርገው ፕሮቲኖቹ እሳት ሲነካቸው እርስ በእርስ ተጣብቀው አይኮማተሩም፤ ካልተኮማተሩም ውሃቸውን ጨምቀው አያወጡም። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስታርችና ጥቂት ዘይት ይጨመርበታል። ስታርቹ በሥጋው ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ከእሳቱ ይጠብቀዋል፤ በኋላም ሶሱ እንዲይዝ ያደርገዋል። አንባቢ እንዲጠነቀቅ የራሴን ጥፋት ልንገር፦ በመጀመሪያ የሞከርሁት ቀን «ትንሽ ካለሰለሰ ብዙ የበለጠ ያለሰልሳል» ብዬ አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አደረግሁበት። ሥጋው እንደ ዓሣ ተንሸራተተ፤ ጣዕሙም ሳሙና ሆነ፤ ልጆቼ እስከ ዛሬ ያነሱብኛል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲባል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ቤኪንግ ፓውደርም አይተካውም።

የሥጋውን ጉዳይ ሳልጨርስ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ፓውንድ ሥጋ ለአራት ሰው የሚለውን እኔ ራሴ ወደ ሦስት አራተኛ ፓውንድ አውርጄዋለሁ። በዚህ አበሳሰል ሥጋው ሶሱን ያጣፍጣል፤ ሶሱ ሩዙንና አትክልቱን ያበላል። ሥጋው ሲቀነስ ብሮኮሊው ቢጨመር ሳህኑ ላይ የሚጎድል ነገር የለም።

ስለ ኤምኤስጂ የተጻፈው ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የጠፋው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን እውነትም ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ልጻፋቸውና፣ ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ ይህን ቅመም ኮምቡ ከተባለ የባሕር ተክል ነጥሎ ያወጣው በ1908 ነው። የመርዝነቱ ወሬ የተነሳው ደግሞ በ1968 አንድ ሐኪም በቻይና ምግብ ቤት ከበሉ በኋላ የተሰማቸውን ስሜት ገልጸው፣ ምክንያቱ ምን ይሆን ብለው ለአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ከጻፉት አጭር ደብዳቤ ነው። ሐኪሙ ወይኑንና ብዙውን ጨው ጭምር ጠርጥረው ነበር፤ ወሬው ግን ኤምኤስጂን ብቻ ይዞ ሄደ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቅመሙን በአጠቃላይ ደኅንነታቸው ከታመነባቸው የምግብ ተጨማሪዎች ጋር መድቦታል። ጥቂት ሰዎች ያለ ምግብ ብዙ መጠን ሲወስዱ ለአጭር ጊዜ ራስ ምታትና የመሳሰለውን ሊሰማቸው እንደሚችል ተጽፏል፤ ይህ ግን ከመርዝ እጅግ የራቀ ነው። ደግሞስ የቅመሙ ዋና ንጥረ ነገር ግሉታሜት በቲማቲም፣ በቆየ አይብ፣ በእንጉዳይና ጸሐፊው ራሳቸው ግዙ ባሉት ሶይ ሶስ ውስጥ በተፈጥሮው ይገኛል። ቲማቲም ለቀይ ወጥ የምንጨምረው ለምን እንደሆነ ምላሳችን ያውቃል።

በዚህ ምግብ ውስጥ ስለ ጤና የሚጨነቅ ሰው መጨነቅ ያለበት ስለ ጨው ነው፤ የሚገርመው ጸሐፊው ጨውን በአንድ ቃል እንኳ አላነሱትም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ 900 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም አለው። ሦስት ማንኪያ ለአራት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው ወደ 675 ሚሊግራም ይደርሳል፤ የኦይስተር ሶሱ ገና አልተቆጠረም። ለአዋቂ ሰው በቀን እንዳይታለፍ የሚመከረው 2,300 ሚሊግራም ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው የተቀነሰበትን ሶይ ሶስ ገዝቶ መጠኑን በማንኪያ የሚለካው ቤቱ ሲሠራ ነው፤ ምግብ ቤት ውስጥ ግን ማንኪያው በሌላ ሰው እጅ ነው። ኤምኤስጂ በአንጻሩ ከገበታ ጨው አንድ ሦስተኛ ያህል ሶዲየም ብቻ ስላለው፣ ጨው ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ቁንጥር ቢጠቀምበት ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

«እውነተኛ የቻይና ምግብ አይደለም» ወደሚለው ልለፍ። ጸሐፊው በመጀመሪያው ነጥባቸው ይህን ምግብ በትክክል ሊሠራ የሚችለው ምግብ ቤቱ ብቻ ነው አሉ፤ በመጨረሻው ነጥባቸው ደግሞ የምግብ ቤቱ ምግብ ሐሰተኛ ነው አሉ። ሁለቱ ባንድ ቤት አያድሩም። ነገሩ ግን ከዚህም የጠለቀ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ወደ ካሊፎርኒያ የመጡት ቻይናውያን በብዛት ከደቡቡ የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ በተለይም ከታይሻን አካባቢ ነበሩ። በ1882 የወጣው የቻይናውያን ማገጃ ሕግ ሠራተኞች እንዳይገቡ ከለከለ፤ የተሻረውም በ1943 ነው። ነጋዴዎች ግን ከክልከላው ውጪ ነበሩ፤ በ1915 አንድ ፍርድ ቤት የምግብ ቤት ባለቤቶችንም ከነጋዴ ስለቆጠራቸው ምግብ ቤት መክፈት ዘመድን ለማምጣት ከተከፈቱት ጥቂት በሮች አንዱ ሆነ። እነዚህ ሰዎች ያገራቸውን ቅጠል በየከተማው ማግኘት ስላልቻሉ ባገኙት ተኩት። በጓንግዶንግ ይህ ጥብስ የሚሠራው ጋይላን በሚባል ወፍራም አገዳ ባለው፣ ትንሽ መረር በሚል ቅጠል ነው። አሜሪካ ውስጥ ቦታውን የያዘው ብሮኮሊ ደግሞ በ1920ዎቹ ዳሪጎ የተባሉ ጣሊያናውያን ወንድማማቾች በካሊፎርኒያ እያመረቱ ወደ ምሥራቁ ገበያ መላክ የጀመሩት አትክልት ነው። ኦይስተር ሶሱን በ1888 በጓንግዶንግ የጀመረው ሊ ኩም ሸንግ የተባለ ሰው ነው። ስለዚህ ሳህኑ ላይ የደቡብ ቻይና አበሳሰል፣ የጓንግዶንግ ሶስና የጣሊያን ስደተኞች አትክልት አብረው ተቀምጠዋል። ሐሰተኛ ከሚባል ይልቅ በትክክል የአሜሪካ ምግብ ነው ቢባል ይሻላል። «ሞንጎሊያን ቢፍ» የሚባለው እንኳ ከሞንጎሊያ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ስሙ የተወረሰው ታይዋን ውስጥ ከተፈለሰፈ «የሞንጎሊያ ባርቤኪው» ነው፤ ማንም ግን በዚህ ምክንያት መብላቱን አልተወም።

ይህ ታሪክ ለኪሳችንም ይጠቅማል። በተገኘው ቅጠል የተተካ ምግብ ዛሬም በተገኘው ቅጠል ሊተካ ይችላል። ብሮኮሊ፣ ጋይላንና እኛ አሜሪካ ውስጥ ጎመን ብለን የምንሠራው ኮላርድ ሦስቱም የአንድ የተክል ዝርያ ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው። ብሮኮሊ በተወደደበት ሳምንት ኮላርዱን አገዳውን ለይቶ ቀጭን ቀጭን አድርጎ ከትፎ በዚህ ሶስ መጥበስ ይቻላል፤ እንደውም ከብሮኮሊው ይልቅ ወደ ጓንግዶንጉ ይቀርባል። ብሮኮሊ የሚገዛም ሰው አገዳውን መጣል የለበትም። በፓውንድ ሲሸጥ የከፈለው ለአገዳውም ጭምር ነው፤ ልጣጩን ገፎ ስስ አድርጎ ቢቆርጠው ከአበባው የበለጠ ይጣፍጣል፤ ይህ እንግዲህ የእኔ ፍርድ ነው። የበረዶ ብሮኮሊም ይሆናል፤ ጸሐፊው «ውሃ ይሆናል» ያሉት አቅልጠው ከሥጋው ጋር ባንድ ላይ ስለጨመሩት ይመስለኛል። ሳይቀልጥ፣ ለብቻው፣ በጋለ መጥበሻ ላይ አስቀድሞ ውሃውን ማትነን ነው መላው።

የአንድ ሰዓት ተኩሉ ነገር ብዙ መልስ አይሻም። ሩዙ ሲጣድ ሥጋው ሶዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሥጋው እስኪደርስ አትክልቱ ይቆረጣል፤ ምድጃ ላይ ያለው ሥራ አሥር ደቂቃ ነው። ያዘዙት ምግብ እስኪመጣም የሚጠበቀው ከዚህ ብዙ አያንስም።

የቀረው ያሻገርሁት ነጥብ፣ የመጥበሻውና የእሳቱ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው የምግብ ቤት እሳት ከቤት እሳት ጋር አይወዳደርም ማለታቸው እውነት ነው። የምግብ ቤት የዎክ ምድጃ በሰዓት ከ100,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) በላይ ሙቀት ሊሰጥ ይችላል፤ የቤት የጋዝ ምድጃ ደግሞ የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። የካንቶን (የጓንግዶንግ) ሰዎች «ዎክ ሄይ»፣ የዎኩ እስትንፋስ የሚሉት ያ የጢስ መዓዛ የሚመጣው ከዚያ ኃይለኛ እሳት ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነስተው ዎክ ግዙ፣ ካልሆነም ተዉት ማለታቸው አያስኬድም። ታቹ ክብ የሆነ ዎክ ለጥ ባለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እሳቱን የሚነካው በአንዲት ነጥብ ብቻ ስለሆነ ከተራ መጥበሻ ያነሰ ይሠራል። ለእኛ ምድጃ የሚሻለው ወፍራም ብረት መጥበሻ ነው፤ ቀስ ብሎ ይግላል፤ ከጋለ በኋላ ግን ሙቀቱን ይይዛል። የማይጣበቅ ሽፋን ያለው መጥበሻ ግን ባዶውን እንዲህ ሊግል አይገባም፤ ሽፋኑ ይበላሻል።

የእሳቱን ማነስ የምናካክሰው በመጠን ነው። አንድ ፓውንድ ሥጋ ባንድ ጊዜ ከተጨመረ መጥበሻው ይበርዳል፤ ሥጋው ውሃ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ቅቅል ነው። ጥብስ የሠራ ሐበሻ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሥጋው ለሁለት ተከፍሎ፣ በሁለት የሾርባ ማንኪያ በጋለ ዘይት (ንጥር ቅቤ እዚህ ቦታ የለውም፤ ኮረሪማው ከሶይ ሶሱ ጋር ይጣላል) ተበትኖ ይጨመራል። ለአንድ ደቂቃ ሳይነካ ይተዋል፤ ከታች ቡናማ ሲሆን ተገልብጦ ሌላ ግማሽ ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ግማሽ እንዲሁ ይሠራል። በዚያው መጥበሻ ብሮኮሊው ከሦስት ማንኪያ ውሃ ጋር ተከድኖ ሁለት ደቂቃ ይታፈናል፤ ውሃው ሲያልቅ የተከተፈው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶ መዓዛው እስኪነሳ ይታመሳል። ከዚያ ሥጋው ይመለሳል። በመጨረሻም የቀረው ሶይ ሶስ፣ ኦይስተር ሶሱ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ውሃና የቀረው ስታርች በአንድ ላይ ተበጥብጠው ይፈሱበታል። ስታርች ታች ስለሚዘቅጥ ከመፍሰሱ በፊት ደግሞ መበጥበጥ አለበት፤ የሚወፍረውም ሲፈላ ነው፤ ሳይፈላ «አልወፈረም» ብሎ ስታርች የሚጨምር ሰው በኋላ ሙጫ ይበላል። በአፓርታማ የሚኖር ሰው አስቀድሞ መስኮት ይክፈት፤ ቡና ስንቆላ የሚጮኸው የጢስ ማስጠንቀቂያ ለዚህም አይራራም።

ዎክ ሄዩ በዚህ አይመጣም፤ አልዋሽም። ቢፍ ኤንድ ብሮኮሊ ግን ሶስ የበዛበት ምግብ ነው፤ የጢሱ መዓዛ ቢኖርም ግማሹ በሶሱ ይሸፈናል፤ ስለዚህም ከዚህ ቤተሰብ ምግቦች ሁሉ ለቤት እሳት እጅግ የሚመቸው እሱ ነው። ጸሐፊው ምሳሌ አድርገው ሰፊውን የሩዝ ፓስታ ከበሬ ሥጋ ጋር ያለ ሶስ የሚያደርቀውን ቢፍ ቻው ፈንን ወስደው ቢሆን ኖሮ ይህን ምላሽ ባልጻፍሁ። እሱ ያለ ዎኩ እስትንፋስ የሚጣበቅ ሊጥ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ከመጥበሻው በቢላዋ ፍቄ አንስቼዋለሁ። አሁን ሲያምረኝ ከምግብ ቤት አዝዛለሁ።